ሚኒ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈችብኝ፤ ፕሮሰሰር ልቀይር፣ ራም ልጨምር ወይስ ሌላ?

ጥያቄው የመጣው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ከምትሰጥ እህት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ከዓመት በፊት ያገለገለች ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050 ማይክሮ ገዛሁ። ኮር አይ 5 6500ቲ፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ ናት። ጠዋት አብርቻት ዎርድ እስኪከፈት ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንዳንዱም ትቶኝ ይሄዳል። አንድ ባለሙያ ‹ፕሮሰሰሯ አርጅቷል፣ አይ 7 ቀይሪባት› አለኝ። ሌላው ራም ጨምሪ ይላል። ስልኬም 32 ጂቢ፣ ራሟ 3 ጂቢ ስለሆነች ደንበኞች በቴሌግራም የሚልኩልኝን ፋይል ‹ቦታ የለም› እያለች አትቀበልም። የስልክ ራም ማስጨመር ይቻላል ወይ? መብራትም በቀን ሁለት ሦስቴ ድርግም ይላል። ያለኝ ብር ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው። ከየቱ ልጀምር?»

እህቴ፣ እንደምን አለሽ? መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። ብርሽ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኤስኤስዲ የሚባለውን፣ በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማስቀመጫ ግዢበት። ፕሮሰሰሯን አትንኪያት። የስልክሽን ችግር ደግሞ አንድ ብር ሳታወጪ ማቃለል ትችያለሽ።

እኔ ኮዬ ፈጬ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና ነው የምተዳደረው። እንዳንቺ ዓይነት ሚኒ ኮምፒውተር ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አብዛኞቹ ባለቤቶች ቅሬታቸው አንድ ነው፤ «ስታክ ታደርጋለች» ይላሉ። ስከፍታቸው የማገኘውም አንድ ዓይነት ነው። ደህና ፕሮሰሰር፣ ትንሽ ራም፣ ያረጀ ሃርድ ዲስክ።

የእኔን ቃል ብቻ አትመኚ፤ ራስሽ እዪው። ነገ ጠዋት አብርተሻት ዴስክቶፑ እንደመጣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ግቢ። ከዚያ ዎርድን ክፈቺና ቁጥሮቹን ተመልከቺ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) 20 ወይም 30 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ዲስክ የሚለው 100 ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ፕሮሰሰርሽ ሥራ ፈቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ዘጠና ከመቶ እንደዚያ ነው የምታገኚው ብዬ እገምታለሁ።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ትንሽ ላስረዳሽ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ባለ 7200 ዙር ከሆነ በደቂቃ 7200፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ሲሰሙት ፈጣን ይመስላል። ግን አንድ ፋይል ለማንበብ መጀመሪያ የሚያነበው ክንድ ወደ ቦታው መሄድ አለበት። ቀጥሎ የተፈለገው ነገር ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ሁለቱ ሲደመሩ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃሉ። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን በሰከንድ ከ100 በላይ ማንሳት ያቅተዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ነው የሚጠይቀው።

አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለበትን መዝገብ ቤት አስቢ። ጸሐፊዋ በደቂቃ 60 ቃል ትተይባለች። ፋይሉን ግን ያ አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ፈልጎ፣ ወርዶ ነው የሚያመጣላት። በደቂቃ 80 ቃል የምትተይብ ጸሐፊ ብትቀጥሪ ወረፋው አያጥርም። ኤስኤስዲ ግን የሚዞር ነገር የለውም፤ የትም ያለ ፋይል ወዲያው ይነሳል። ተራ የሚባለው የሳታ ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ ወደ 550 ሜጋባይት ያነባል። ከዚያ በላይ ጥቅሙ የሚታየው በትንንሾቹ ፋይሎች ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩ መቶ በሚያነሳበት ሰከንድ ኤስኤስዲው በአሥር ሺዎች ያነሳል።

አይ 7 ቀይሪ ላለሽ ሰው አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ምክሩ ላንቺ አይሆንም። 6500ቲ አራት ኮር አላት፤ ከ2.5 እስከ 3.1 ጊጋኸርዝ ትሠራለች። 6700ቲም አራት ኮር ናት። ከ2.8 እስከ 3.6 ትሄዳለች፣ በአንድ ጊዜም ስምንት ሥራ ታስተናግዳለች። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ልዩነት አለው። ለዎርድ፣ ለስካንና ለጉርድ ፎቶ ግን ብርሽን ማቃጠል ነው። ደግሞ 8ኛ ጀነሬሽን አምጥተን እንክተትባት የሚልሽ ካለ እንዳትሰሚው። ሶኬቱ ተመሳሳይ ስለሆነ ይገጥማል፤ ቦርዱ ግን የሚቀበለው 6ኛና 7ኛን ብቻ ስለሆነ አትነሳም። ባለፈው ዓመት አንድ የፎቶ ቤት ልጅ በዚሁ ምክር አይ 7 አስቀይሮ መጣ። ሃርድ ዲስኩ የድሮው ነው። እኔ ፊት ሲያበራት ቁጭ ብለን ቡና ጠጥተን ጨረስን። ያንን ብር ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ግዢው። 240 ወይም 256 ጂቢ ይበቃሻል። 120ውን ተዪው፣ ዊንዶውስና ኦፊስ ከገቡ በኋላ ቶሎ ይጠብብሻል። ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ። አንዱ ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ነው፤ መልኩ እንደ ቀጭን የሲጋራ ፓኮ ነው። ሃርድ ዲስክሽ ባለበት ቦታ ልክ ይገባል። ሌላው እንደ ማስቲካ ረዘም ያለችው፣ ቦርዱ ላይ በቀጥታ የምትሰካው ኤም 2 የምትባለዋ ናት። «2280» ከሚል ቁጥር ጋር ትመጣለች፤ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እሷን ከመረጥሽ «ኤንቪኤምኢ» የሚለው ይኑርባት፤ ከሳታው የሚፈጥነው ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የኤንቪኤምኢ ጥርስ ላይ አንድ ክፍተት፣ የሳታው ላይ ሁለት ክፍተት ታያለሽ። ኤንቪኤምኢ በወረቀት ላይ ከሳታው ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። በአንቺ ሥራ ግን ከሳታው ጋር ያለውን ልዩነት በዓይንሽ ለይተሽ አታውቂውም። በዋጋ የቀለለሽን ውሰጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። «1 ቴራ» እየተባለ በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ኤስኤስዲ አለ። አንዱን ደንበኛዬ አምጥቶልኝ ከፍቼዋለሁ። በዚያ ሁሉ ቆርቆሮ ውስጥ በሙጫ የተለጠፈች የፍላሽ ቁራጭ ነበረች። ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ሻጩ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳይሽ። ጤንነቱን በፐርሰንት፣ የሠራበትንም ሰዓት ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል። «አያስፈልግም፣ እኔን እመኚኝ» ካለሽ አመስግነሽ ውጪ።

ኤስኤስዲውን ከገዛሽ በኋላ ሁሉም ሰው የሚቸኩለው ፎርማት ለማስደረግ ነው። ቆይ በይው። አንቺ የጽሕፈት ሥራ ነው የምትሠሪው፤ ንብረትሽ ፎንቶችሽ ናቸው። በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ብዙዎቹ ዩኒኮድ በሚባለው የጋራ የፊደል ሥርዓት የተጻፉ አይደሉም። ፎንቱ ከሌለ የደንበኛሽ የኪራይ ውል ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከምንም በፊት ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ ፎልደር ግቢና «ፎንትስ» የሚለውን ሙሉውን ወደ ፍላሽ ገልብጪ። ኒያላ የምትባል የአማርኛ ፎንትም አለች። ዊንዶውስ 10 ላይ አማርኛን በራሱ የሚያሳየው ኤብሪማ የሚባል ፎንት ነው፤ ኒያላ ተለይታ የምትጫን ናት። ሴቲንግ፣ ከዚያ አፕስ፣ ከዚያ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ገብተሽ «ኢትዮፒክ ሰፕሊሜንታል ፎንትስ» የሚለውን ትጨምሪያለሽ። ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ይህን ያላደረገ ጽሕፈት ቤት በኒያላ የተጻፈ 12 ገጽ ማመልከቻ ሲከፍት ፎንቱ ይቀየርበታል። መስመሩ ይዛነፋል፣ ገጹ ይረዝማል፣ ፊርማው ባዶ ገጽ ላይ ለብቻው ይወድቃል። እኔ ራሴ ይህን ሳላስጠነቅቅ ፎርማት ያደረግሁላት አንዲት ደንበኛ ሙሉ ቀን ስታስተካክል ዋለች። ከዚያ ወዲህ ፎንት ሳልገለብጥ ማንንም ፎርማት አላደርግም።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ አትጣይው። የዩኤስቢ ኬዝ ገዝተሽ ክተቺውና የደንበኞችሽን ፋይል መጠባበቂያ አድርጊው። ግን ብቸኛው መጠባበቂያ አይሁን፤ ያረጀ ነው።

መክፈቱ ቀላል ነው። ከጀርባዋ ያለችውን አንድ ብሎን በእጅሽ ትፈቺያለሽ፣ ክዳኑን ወደፊት ገፋ ታደርጊና ታነሺዋለሽ። የእኛ ሰፈር ነገር ሆኖ መጀመሪያ የሚቀበልሽ አቧራ ነው። መንገዱ ገና ያልተነጠፈበት ብሎክ ላይ ከሆንሽ የፋኑ ክንፎች መሃል ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ተጠቅጥቆ ታገኛለሽ። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጥረጊው። ስትጠርጊ ፋኑ እንዳይዞር በእንጨት ያዝ አድርጊው። ኤም 2 ከመረጥሽ ደግሞ የምታስራት ደቃቅ ብሎን መኖሯን ቀድመሽ አረጋግጪ፤ ያገለገሉት ላይ ብዙ ጊዜ የለችም። ብሎን ጠፋ ብለው በፕላስተር የለጠፉት አጋጥሞኛል። ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ዲስኩም ከቦታው ይነሳል።

ከኤስኤስዲ ቀጥሎ ምን ልግዛ ብትይኝ ብዙ ሰው ራም ይልሻል። እኔ ግን በኛ አካባቢ የመብራት ሁኔታ ዩፒኤስ እላለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ዕቃ ነው። ሚኒ ኮምፒውተር እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የላትም። መብራት ብልጭ ሲል ያልተቀመጠው ጽሑፍ ይሄዳል፤ ሃርድ ዲስክ እየጻፈ ከነበረም ይጎዳል። ኤስኤስዲውም ቢሆን ድንገተኛ መቋረጥ አይወድም። ደግነቱ ማሽንሽ ኃይል አትበላም። ፕሮሰሰሯ 35 ዋት ነው፤ ቻርጀሯ ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር የሚል ታያለሽ። ሲባዛ 65 ዋት ነው፤ እሱም ጣሪያው ነው። ስለዚህ ትንሿ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ኮምፒውተሯንና ሞኒተሩን ችላ ሥራሽን አስቀምጠሽ እስክታጠፊ ትቆያለች። የኮፒ ማሽኑንና የሌዘር ፕሪንተሩን ግን እሷ ላይ አትሰኪ። ወረቀቱን የሚያሞቀው ክፍል በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ዩፒኤሷን ወዲያው ይጥላታል። እሷን እስክትገዢ ዎርድ ውስጥ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ግቢና በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠውን ወደ 1 ደቂቃ አውርጂው። ዛሬውኑ አድርጊው፤ ብር አይጠይቅም።

ስለ ቻርጀር ካነሳን፣ ዴል የራሱን ቻርጀር የሚለይበት ዘዴ አለው። ተመሳስሎ የተሠራ ሰክተሽ ካላወቀው ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ፕሮሰሰሩንም ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ሲበራ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እያየሽ ቁልፍ ተጭነሽ የምታልፊው ከሆነ የመንቀራፈፉ አንዱ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ሰዓትና ቀኗ በየጊዜው እየተመለሰ ካስቸገረሽ ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም ባትሪ ቀይሪ። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾችም አንከፍትም ይላሉ።

ራሙን በአጭሩ። ሁለት ቦታ አላት፤ የምትወስደው የላፕቶፕ ዓይነቱን ዲዲአር 4 ነው። ዲዲአር 3 አይገጥምም። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ስትነኪ ስንቱ ቦታ እንደተያዘ ይነግርሻል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተያዘ ያለሽን ሳታወጪ ሌላ 4 ጂቢ ጨምሪ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ፍጥነትም ይጨምራል። 8 ጂቢ ላንቺ ሥራ በቂ ነው፤ 16 የሚልሽን አትስሚ።

ዊንዶውስን በሚመለከት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰቦች የደኅንነት ማሻሻያውን ለአንድ ዓመት የሚያራዝም ምዝገባ አለ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፤ ያንቺ 6ኛ ናት። በጓሮ በር የሚጭኑልሽ ሰዎች አሉ። ሥራ ላይ ላለ ማሽን አልመክረውም፤ ማሻሻያ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ዋስትና የለሽም። ይልቅ ምዝገባውን አድርጊ፣ አንቲቫይረሱን አታጥፊ። የሰው ፍላሽ ስትሰኪ ከመክፈትሽ በፊት ስካን አድርጊው። በቀን የምትቀበዪው ፍላሽ ብዛት ከማንም ቤት ይበልጣል። ይህቺን ማሽን ለጊዜው ሥሪባትና ቀጣዩን ስትገዢ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ፈልጊ።

ወደ ስልክሽ ልምጣ። የስልክ ራም አይጨመርም። ራሙም ማስቀመጫውም ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ እንደ ኮምፒውተር ተነቅለው የሚሰኩ አይደሉም። «ሶፍትዌር ጭኜ ራም እጨምርልሻለሁ» የሚልሽ የሚያበራልሽ ቨርቹዋል ራም የሚባለውን ነው። እሱ ከማስቀመጫው ላይ ቆርሶ እንደ ራም ይጠቀምበታል። አንቺ ደግሞ ያጣሽው ማስቀመጫ ነው! ስልክሽ ላይ በርቶ ከሆነ አጥፊው፣ ቦታ ይመለስልሻል።

ከዚያ ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግቢና ካሹን፣ ማለትም ስልክሽ ላይ ያወረዳቸውን ቅጂዎች አጽጂ። አትፍሪ፣ ፋይሎቹ ቴሌግራም ራሱ ጋ ስላሉ ስትፈልጊ መልሰሽ ታወርጃቸዋለሽ። ዋትስአፕ ግን እንደዚያ አይደለም፤ እዚያ ያጠፋሽው ሊመለስልሽ ስለማይችል የምትፈልጊውን ቀድመሽ አውጪ። በራሱ የሚያወርደውንም ዝጊው። የትልልቅ ግሩፖች ቪዲዮ ነው ስልክሽን የሞላው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ይህ ነው። ቴሌግራምን ኮምፒውተሯ ላይ ጫኚው። ዋይፋይ ከሌለሽ የስልክሽን ሆትስፖት ተጠቀሚ። ደንበኛ የላከው ፋይል በቀጥታ ኮምፒውተሯ ላይ ይወርዳል፣ ፕሪንት ታደርጊያለሽ፣ አለቀ። ስልክ፣ ኬብል፣ ገልብጦ ማስተላለፍ የሚባል ጣጣ የለም። የደንበኛ መታወቂያና ውል ስልክሽ ላይ ተከማችቶ ከመቅረትም ይድናል። ሥራው ሲያልቅ ከኮምፒውተሯም አጥፊላቸው።

ሜሞሪ ካርድ እጨምራለሁ ካልሽ ለፎቶና ለቪዲዮ ጥሩ ነው፤ «ኤ 1» የሚል ምልክት ያለውን ምረጪ። ግን «512 ጂቢ» እየተባለ በትንሽ ብር ከሚሸጠው ተጠንቀቂ። ውስጡ 16 ወይም 32 ሆኖ ስሙን ብቻ 512 ያደረጉት አለ። መጀመሪያ በደንብ ይሠራል። ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ስሙ ይታያል፣ ሲነኩት አይከፈትም። የምረቃ ፎቶ እንዲህ የጠፋበት ልጅ ካርዱን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። የፋይሎቹ ስም ተደርድሯል፤ ከውስጥ ግን ምንም አልነበረም። ካርድ ስትገዢ ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ አስኪጂና እስከ መጨረሻው ጽፎ ያንብበው። ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ ጀምሪው፤ መብራት ካልተቋረጠ ጠዋት መልሱን ታገኛለሽ። እውነቱን ሳታውቂ ምንም ፋይል አታስቀምጪበት።

አዲስ ስልክ የመግዛት ቀን ሲመጣ 128 ጂቢና ቢያንስ 6 ጂቢ እውነተኛ ራም ያለውን እዪ። ካርቶኑ ላይ «4+4» ከተባለ ራሙ 4 ብቻ ነው፤ የተቀረው ያ ከማስቀመጫ የሚቆረሰው ነው። ማስቀመጫው «ዩኤፍኤስ» ከሆነ «ኢኤምኤምሲ» ከሚባለው በጣም ይፈጥናል። ይህንን ሻጮች ሲናገሩት አልሰማም፤ አንቺ ግን ጠይቂ።

መገናኛ ወይም መርካቶ ከመውረድሽ በፊት የኮምፒውተርሽን ክዳን ከፍተሽ ሦስት ፎቶ አንሺ፦ የሃርድ ዲስኩ ቦታ፣ ራሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ የቻርጀሩ ጀርባ። ሻጩ «ይገጥማል» ሲልሽ ፎቶውን አሳይው። ካልገጠመ የምትመልሺበትን ቀን ደረሰኙ ላይ ያጽፍልሽ፤ ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀንሽን ይበላዋል።